ለቀድሞ ተማሪዎቼ፦ ስለ አንድ አውሮፕላንና «በስተቀር» ስለምትል ቃል

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። በተለይ እኔ ዘንድ ታሪክ የተማራችሁ ልጆች እስከ መጨረሻው ታገሱኝ፤ አንድ የማርምላችሁ ነገር አለ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ሁለቱን እየቀላቀልኩ እንዳላደናግራችሁ ብዬ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት 10ኛ ክፍል ገብቼ የማይጨውን ጦርነት እያስተማርኩ ነበር። በየዓመቱ እንደማደርገው ሰሌዳው ላይ «የተሸነፍንባቸው ምክንያቶች» ብዬ ጻፍኩና ተራ ቁጥር አንድ ላይ «አውሮፕላን አልነበረንም» አልኩ። እናንተም ደብተራችሁ ላይ ጽፋችሁታል፤ ፈተና ላይም አምጥቼላችኋለሁ። ከኋላ መቀመጫ አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ እንግሊዝስ?»

«እንግሊዝ ምን ሆነች?»

«እሷም አልነበራትም እንዴ?»

ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ግን የምሩን ነው። ስልኩ ላይ የአውሮፕላን ጌም ይጫወታል፤ በዚያው የድሮ አውሮፕላን ሁሉ ስም አጥንቷል። ሃውከር ሃርት የምትባል ብርማ ቀለም ያላት፣ ክንፏ ድርብ የሆነች የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ እንደነበረች ነገረኝ። «ያኔ የነበረች ናት ቲቸር። ለምን አልላኩልንም?» አለኝ።

«በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እነግርሃለሁ» አልኩት። አስተማሪ የሆናችሁ ይቺ መልስ ምን ማለት እንደሆነች ታውቃላችሁ።

ቅዳሜና እሑድን ሳነብ ዋልኩ። እኔ የዲፕሎማ መምህር ነኝ እንጂ ተመራማሪ አይደለሁም፤ ግን ማንበብ የተከለከለ የለም። ያገኘሁት ነገር አስደነገጠኝ። ልጁ «ለምን አልላኩም?» ነበር ያለው። ልከው ነበር! አውሮፕላኖቹ እስከ ደጃችን ድረስ መጥተው ነበር። መጥተው ግን ቆሙ።

ከአውሮፕላኑ ልጀምር። ሃውከር ሃርትን የነደፈው ሲድኒ ካም የሚባል የእንግሊዝ መሐንዲስ ነው። መጀመሪያ የበረረው በ1928 ሲሆን፣ በ1930 የእንግሊዝ አየር ኃይል 33ኛ ስኳድሮን ተረክቦ አገልግሎት ጀመረ። ሁለት ሰው ነው የሚይዘው። ፊት አብራሪው፣ ከኋላው ደግሞ መትረየስ የያዘው ተኳሽ ይቀመጣል። ቦምብ የሚጥለውም ያው የኋለኛው ሰው ነው፤ ጊዜው ሲደርስ መቀመጫውን ትቶ በደረቱ ይተኛና ወለሉ ላይ ባለው ቀዳዳ ወደ ታች እያየ ያልማል። አጽሙ የብረትና የአሉሚኒየም ቧንቧ ነው፤ ላዩ ግን በአብዛኛው ሸራ ነው። አዎ፣ ሸራ። ከክንፉ ሥር 230 ኪሎ ግራም ያህል ቦምብ ያንጠለጥላል።

ዛሬ ፎቶውን ስታዩት አሮጌ መጫወቻ ሊመስላችሁ ይችላል። በጊዜው ግን ጉድ ያሰኘ አውሮፕላን ነበር። ሮልስ ሮይስ የሠራው ኬስትረል የተባለው ሞተር 500 ከሚበልጥ የፈረስ ጉልበት ጋር በሰዓት ወደ 300 ኪሎ ሜትር ያስሮጠው ነበር። ለንጽጽር እንዲመቻችሁ፣ በዚያው ዘመን እንግሊዝ ራሷ የነበራት ብሪስቶል ቡልዶግ የሚባል ተዋጊ አውሮፕላን ከፍተኛ ፍጥነቱ ወደ 280 ኪሎ ሜትር ነበር። ልብ አድርጉ፤ አሳዳጁ ከሚታደደው ያነሰ ይሮጣል ማለት ነው። በልምምድ ጊዜ ሃርቶቹ ተዋጊዎቹን ጥለዋቸው ይሄዱ ነበር። መፍትሔ ሲጠፋ ምን ተደረገ መሰላችሁ? ራሱን ሃርትን ተዋጊ አድርገው አሻሻሉትና ዲመን ብለው ስም አወጡለት። ሃርትን የሚይዝ ሌላ ሃርት ብቻ ነው እንደማለት ነው።

እንዲህ ዓይነት አውሮፕላን ባለቤቱንም ያስፈራል። «እኛ ይህን ከሠራን ሌላውስ ምን ይሠራብናል?» ያሰኛል። በኖቬምበር 1932 የወግ አጥባቂው ፓርቲ መሪ ስታንሊ ባልድዊን እንግሊዝ ፓርላማ ውስጥ ቆሞ፣ ምንም ብታደርጉ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሾልኮ ማለፉ አይቀርም፤ መንገድ ላይ የሚሄደውን ተራ ሰው የሚያድነው ምድራዊ ኃይል የለም የሚል መልእክት ያለው ንግግር አደረገ። አገሩ በፍርሃት ተዋጠ። ለንደን በአንድ ሌሊት ስትነድ የሚያሳይ ሐሳብ የሁሉም ሰው ቅዠት ሆነ።

እንግዲህ ፈሪ ሰው ሕግ ይፈልጋል፤ ይህ አያስነቅፍም። በ1932 ጄኔቫ ላይ ትልቅ የትጥቅ ቅነሳ ጉባኤ ተከፍቶ ነበር። በማርች 1933 እንግሊዝ ለጉባኤው የውል ረቂቅ ይዛ ቀረበች። ረቂቁ ውስጥ ምን አለ? ከአየር ላይ ቦምብ መጣል ፈጽሞ ይቅር ይላል። እሰይ! ትላላችሁ። ቆይ ግን፣ ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም። «ራቅ ባሉ አንዳንድ አካባቢዎች ለፖሊስ ሥራ ሲሆን በስተቀር» የሚል ሐሳብ ተከትሎታል።

በስተቀር።

ይቺን ቃል ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። «ራቅ ያለ» ማለት ከማን ነው የራቀው? ሰው ከቤቱ አይርቅም እኮ። ራቅ ያለው ለለንደን ነው። ለንደን ላይ ቦምብ መጣል አረመኔነት ነው፤ ራቅ ብሎ ከሆነ ግን የፖሊስ ሥራ ነው።

ይህ የወረቀት ላይ ቃል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ያ ልጅ በስልኩ የሚያበረው ሃርት በዚያን ጊዜ ራቅ ያለው አካባቢ ላይ ሥራ ላይ ነበር። ከሕንድ ሰሜን ምዕራብ፣ ዛሬ ፓኪስታን ከአፍጋኒስታን ጋር በምትዋሰንበት ተራራማ አገር የሚኖሩ የፓሽቱን ጎሣዎች ለእንግሊዝ አልገዛም ብለው ነበር። ለዚያ አገር ሙቀት የሚስማማ «ሃርት ኢንዲያ» የሚባል ለብቻው ተሠርቶ ሪሳልፑር በሚባል ሰፈር የነበሩት ስኳድሮኖች ይበሩበት ነበር። አሠራሩ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ወረቀት ይበተናል፤ እስከዚህ ቀን ድረስ ቅጣቱን ካልከፈላችሁ፣ ሰዎቹን ካላስረከባችሁ መንደራችሁ ይመታል፤ ልቀቁ ይላል። ቀኑ ሲያልፍ አውሮፕላኖቹ ይመጡና ቤቱን ያፈርሳሉ። ሰዉ ዋሻ ገብቶ ይከርማል፤ ወደ እርሻው እንዳይመለስም ደጋግመው ይመጡበታል። ርካሽ ነው፤ እግረኛ ጦር ከመላክ በብዙ ይረክሳል። እንግሊዞች ይህን ዘዴ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ኢራቅ ውስጥ በሌሎች አውሮፕላኖች ተለማምደውት ነበር።

ለዚህ ነው «በስተቀር» የገባችው። እኔ ብቻ አይደለሁም ይህን የምለው። በሜይ 1935 የእንግሊዝ የአየር ሚኒስትር የነበረው ሎርድ ለንደንደሪ ለሎርዶች ምክር ቤት ንግግር ሲያደርግ፣ ጄኔቫ ላይ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን በመካከለኛው ምሥራቅና በሕንድ ጠረፍ እንኳ እንዳይከለከል ለማድረግ ብዙ እንደተቸገረ በግልጽ ተናገረ። አገሩ ውስጥ ትልቅ ጩኸት አስነሳበት፤ በሚቀጥለው ወርም ከሥልጣኑ ተነሣ። የተነሣውን ጩኸት ልብ በሉ። አንዳንዱ የተቆጣው በድርጊቱ ነው፤ ብዙው ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ በመናገሩ ነው ብዬ እገምታለሁ።

የጄኔቫው ጉባኤ ያለ ውጤት ተበተነ። ያላለቀበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ጀርመን በ1933 ጥላ ወጥታለች፤ ፈረንሳይም የራሷ ስጋት ነበራት። «በስተቀር» ብቻዋን አፈረሰችው አልልም። ግን ሕጉ ቢጸድቅ እንኳ ምን ይሆን ነበር ብላችሁ ጠይቁ። ሙሶሊኒ ጠበቃ አያጣም። «ኢትዮጵያ ራቅ ያለች አካባቢ ናት፤ እኔም የፖሊስ ሥራ እየሠራሁ ነው» ቢል ማን አፉን ሞልቶ ይመልስለታል? ሕጉ ባይጸድቅም አስተሳሰቡ ግን ጸድቆ ነበር።

አሁን ወደ እኛ ደጅ እንምጣ።

ኦክቶበር 3 ቀን 1935 የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ፤ በዚያው ቀን ዐድዋ ከአየር ተደበደበች። እኛ የነበሩን አውሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩ፣ መሣሪያ እንኳ የሌላቸው መልእክተኞች ነበሩ። ጣሊያን በመቶዎች ነበር ያመጣው። እስከዚህ ድረስ ያስተማርኳችሁ ትክክል ነው።

ያላስተማርኳችሁ ይኸውላችሁ። በዚያው ኦክቶበር ወር የእንግሊዝ አየር ኃይል 12ኛ ስኳድሮን ሃርቶቹን ጭኖ ወደ የመኗ ኤደን ወረደ። ያ የመጀመሪያው ባለሃርት 33ኛ ስኳድሮን ደግሞ ወደ ግብፅ ተላከ። ዲመኖቹም ወደ ኤደን መጡ። ምክንያቱ የእኛው ጉዳይ ነበር፤ ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር እንግሊዝ ለግዛቶቿ ሰግታ ነው።

ካርታ ያላችሁ ካርታ አውጡ። ከኤደን እስከ አሰብ በአየር ወደ 250 ኪሎ ሜትር ነው። አሰብ ያኔ የጣሊያን ወደብ ናት። ሃርት አንዴ ነዳጅ ሞልቶ ወደ 700 ኪሎ ሜትር ይበራል። ደርሶ መልስ ይበቃዋል ማለት ነው! አንድ ሰዓት ገደማ በረራ! ፈጣን ቀላል ቦምብ ጣይ አውሮፕላን፣ የሠለጠነ አብራሪ፣ ቦምቡም ነዳጁም ያለበት ሰፈር፣ ከጣሊያን ወደብ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር።

ከዚያስ? ከዚያማ ቁጭ አለ።

ከዲሴምበር 1935 ጀምሮ የጣሊያን አውሮፕላኖች የሰናፍጭ ጋዝ ጣሉ። ጣሊያን ጋዝን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ስምምነት ራሷ ያጸደቀች አገር ናት። በዲሴምበር መጨረሻ ዶሎ አካባቢ የስዊድን ቀይ መስቀል ተደበደበ። በማርች 1936 ኮረም አካባቢ የነበረው በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የቀይ መስቀል ሆስፒታል ተመታ። የማን ነበር ያ ሆስፒታል? የእንግሊዝ! የራሳቸው ሐኪሞች፣ የራሳቸው ባንዲራ። ሃርቶቹ ኤደን ላይ ነበሩ።

በሜይ 1936 አዲስ አበባ ተያዘች። በሰኔው መጨረሻ ንጉሡ ጄኔቫ ላይ ቆመው ተናገሩ። በሐምሌ ማዕቀቡ ተነሣ። በነሐሴ ደግሞ 12ኛ ስኳድሮን ዕቃውን ሸክፎ ወደ አገሩ ተመለሰ። አሥር ወር ሙሉ ደጃችን ከርሞ አንድ ቦምብ ጣሊያን ላይ ሳይጥል ሄደ።

ይህን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ከእኔ በዕድሜም በዕውቀትም ለሚበልጡ ጋሼ ለምላቸው ሰው ነገርኳቸው። ሻያቸውን እያማሰሉ ሰሙኝና «እና ለእኛ ብላ ትዋጋ ነበር ነው የምትለው? የሰው አገር እኮ ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው። ይህን ጥያቄ ሳልመልስ ባልፍ ዕዳ ይሆንብኛል።

የእንግሊዝን መሪዎች ያስቸገራቸው እውነተኛ ነገር ነበር። ሂትለር ከጎን እየገነነ ነው። ሙሶሊኒን ካስቀየምነው ከሂትለር ጋር ይገጥማል ብለው ሰጉ። ፈረንሳይ አልተባበርም ብላ ታቅማማለች። ሕዝቡ የመጀመሪያውን ጦርነት ገና አልረሳም። ባልድዊን የነዛው የቦምብ ፍርሃትም አለ፤ ሰውዬው ደግሞ አሁን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል። የተላኩት አውሮፕላኖችም ለእንግሊዝ ይዞታ ጥበቃ እንጂ ለእኛ አልነበሩም። እኔም የእንግሊዝ እናት ልጇን ለእኛ ሲል እንዲሞት መላክ ነበረባት ብዬ ለመፍረድ አልደፍርም።

ግን ጋሼ፣ ከጦርነት በፊት ስንት ደረጃ ነበር? ነዳጅ ማዕቀቡ ውስጥ አልገባም። የጣሊያን አውሮፕላን በነዳጅ እንጂ በጸሎት አይበርም። የስዊዝ ቦይ አልተዘጋም፤ የጣሊያን መርከቦች ወታደርና ጥይት ጭነው፣ የማለፊያ ክፍያቸውን ከፍለው፣ እንግሊዞች እያዩ አለፉ። ከጦርነቱ በፊት በነበሩት ወራት ደግሞ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም ብለው ነበር፤ የራሱ ፋብሪካ ላለውና ለሌለው እኩል ክልከላ! አንድም ሃርት ከመሬት ሳይነሣ ሊደረግ የሚችል ብዙ ነገር ነበር። የጎደለው አውሮፕላን አልነበረም።

ይህ የእኔ ስሜት ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየኝ ከአምስት ዓመት በኋላ የሆነው ነው። ጁን 10 ቀን 1940 ጣሊያን በእንግሊዝ ላይ ጦርነት አወጀች። ያኔ ሃርት አርጅቷል። ሲድኒ ካም ራሱ የነደፈው ሃሪኬን የሚባለው ባለ ነጠላ ክንፍ ተዋጊ መጥቷል። ሃሪኬን መጀመሪያ የበረረው፣ የሚገርመው፣ በኖቬምበር 1935፣ ጣሊያን መረብን በተሻገረ በወሩ ነው። እናም በ1940 ለምሥራቅ አፍሪካ ከተገኘው ውስጥ የሃርት ወንድሞችም ነበሩ። ደቡብ አፍሪካውያን ሃርትቢስ የሚሉትን፣ ብዙው ፕሪቶሪያ ውስጥ የተሠራውን የሃርት ዝርያ ይዘው በሰሜን ኬንያና በደቡብ ኢትዮጵያ በኩል ጣሊያንን ገጠሙ። የሮዴዢያ፣ የዛሬዋ ዚምባብዌ፣ 237ኛ ስኳድሮን ደግሞ ሃርዲ የሚባለውን ሌላውን ወንድሙን ይዞ ከሱዳን ወደ ኤርትራ በተደረገው ዘመቻ ተሰለፈ። በሜይ 1941 ንጉሡ አዲስ አበባ ገቡ።

አያችሁት? በ1935 ወጣትና ፈጣን ሳለ አልተነሣም። በ1940 አርጅቶ፣ ዘመን አልፎበት ተነሣ። አውሮፕላኑ ያው ነው። ጣሊያንም ያው ጣሊያን ነው። እኛም ያው እኛ ነን። የተለወጠው የተነካው ሰው ነው።

አንድ ሌላ ምሳሌ ልጨምርና ወደ ክፍሌ ልመለስ። ሶቪየት ኅብረት በኖቬምበር 1939 ፊንላንድን ከወረረች በኋላ፣ በጃንዋሪ 1940፣ የስዊድን በጎ ፈቃደኞች ጥቂት ሃርቶችን ከተዋጊ አውሮፕላኖች ጋር ይዘው ድንበር ተሻግረው ለጎረቤታቸው ተዋጉ። ሸራ የለበሰው ያ አውሮፕላን በዚያ ብርድ በረረ። ጥቂት ነበሩ፤ ጦርነቱንም አልለወጡትም። ግን አንድ ነገር ያረጋግጣሉ፤ የተጠቃ ጎረቤትን መርዳት ሲፈለግ አውሮፕላኑ ይነሣል።

እንግዲህ ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ እርማቱ ይህ ነው። «የተሸነፍነው አውሮፕላን ስላልነበረን ነው» ብዬ አስተምሬያችኋለሁ። ሐሰት አይደለም፤ ጎዶሎ ነው። ጎዶሎ እውነት ደግሞ የተሳሳተ ትምህርት ያስተምራል። ከዚያ ዓረፍተ ነገር የወጣ ልጅ የሚይዘው ትምህርት «ስለዚህ ቦምብ ጣይ ያለው ያሸንፋል፤ እኛም ይኑረን» የሚል ነው። በቃ። እኔም ይኸው ነበር ያለኝ። እየተማረ የወጣው ልጅ ጉልበትን ብቻ አክብሮ ይወጣል።

ሙሉው እንዲህ ነው። አውሮፕላን አልነበረንም፤ የነበራቸው ደግሞ ደጃችን ቆመው አዩን፤ ያዩንም እኛ ከመጠቃታችን በፊት ጀምሮ ዓለምን ቦምብ የማይጣልበትና የሚጣልበት ብለው ለሁለት ስለከፈሉት ነው። የኮረም ገበሬ ላይ የወረደው ነገር አስቀድሞ የፓሽቱን ገበሬ ላይ ወርዶ ነበር። አንዱን ጣሊያን ጣለው፤ ሌላውን እንግሊዝ። በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም አልልም። ጋዝና የማስጠንቀቂያ ወረቀት አንድ አይደሉም። የሚያገናኛቸው ግን ያቺ ቃል ናት። ለአንዱ የተከፈተች በር ለሌላውም ትከፈታለች።

አሁን ራሴን ላጋልጥ። ይህን ሁሉ አንብቤ ሰኞ ጠዋት ክፍል ስገባ መጀመሪያ ያየሁት በሩ ላይ የለጠፍኩትን የክፍል ደንብ ነው። በገዛ እጄ ጽሑፍ፣ ተራ ቁጥር 3፦ «ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ መምህሩ ከፈቀደለት ተማሪ በስተቀር»። ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ አፈርኩ። የፈቀድኩላቸው እነማን ናቸው? የክፍል አለቃዋና ከፊት የሚቀመጡት ጎበዞቹ ናቸው። ባለፈው ወር ያንኑ የኋላ መቀመጫ ልጅ ስልኩን ነጥቄ ሳምንት አስቀምጬበታለሁ። ያን ቀን ምን እንዳለኝ አሁን ነው ትዝ ያለኝ። «ቲቸር፣ ሕጉ ለኋላ መቀመጫ ብቻ ነው?» ብሎኝ ነበር። አፍህን ዝጋ አልኩት። ራቅ ያለ አካባቢ ነዋ፤ የኋላ መቀመጫ!

ሰኞ ዕለት ወረቀቱን ቀደድኩት። አዲሱን ደንብ ከተማሪዎቹ ጋር ተነጋግረን ጻፍነው፦ ስልክ በክፍለ ጊዜ ውስጥ ክልክል ነው። ነጥብ። የእኔም ጭምር። ሁለት ጊዜ ጠርቶብኝ ሁለት ጊዜ ሰሌዳ ጠርጌያለሁ፤ ቅጣቱ እሱ ነው። ለልጁም ጥያቄውን በክፍሉ ፊት መለስኩለት፤ ይቅርታም ጠየቅኩት። ካርታውን ስለን ከኤደን እስከ አሰብ በማስመሪያ ለካን። ለክቶ ሲጨርስ «ቅርብ ናት እኮ!» አለ። ክፍሉ ዝም አለ።

ሁለት ነገር ብዬ ላብቃ።

አስተማሪ ለሆናችሁ፦ «አውሮፕላን ስላልነበረን» ከማለት አንቁም። የእንግሊዝን ስም ለማጥፋት አይደለም፤ እንግሊዝ ውስጥም ያን ጊዜ ለእኛ የጮኸ፣ የራሱን መንግሥት የተቃወመ ብዙ ሰው ነበር፤ ዶክተር ሜሊም አዲስ አበባ ላይ ነው ሕይወቱን የሰጠው። ልጆቹ ኃይልን ብቻ ሳይሆን ሕግ እንዴት እንደሚሸረፍ እንዲያውቁ ነው።

ለሁላችንም፦ ዛሬ ሰማይ ላይ የሚዞረው አብራሪ እንኳ የለበትም። የሚገደልበት ርቀትም እየሰፋ ሄዷል። «ሰላማዊ ሰው አይነካ» የማይል የለም፤ ሁሉም ይላል። እናንተ ግን ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ ጠብቁ። መጨረሻው ላይ «በስተቀር» ከመጣች፣ ከእሷ ቀጥሎ የሚጠራው ሰፈር የእናንተ ባይሆንም እንኳ እጃችሁን አውጡና ጠይቁ። በተለይ ተናጋሪው የእኛ ወገን ሲሆን ጠይቁ። ከባዱ እሱ ነው። እኛ ራቅ ካሉት ሰፈሮች አንዱ ሆነን ያየነው ሕዝብ ነን፤ ይህን ቃል ልናለምዳት አይገባም።

ያ ልጅ ከኋላ መቀመጫ ተነሥቶ ስለጠየቀ ነው እኔ ከብዙ ዓመት ማስተማር በኋላ የተማርኩት።

ደብተራችሁን ያልጣላችሁ ካላችሁ፣ የማይጨው ምዕራፍ ተራ ቁጥር አንድ ሥር አንድ መስመር ጨምሩበት፦ «የነበራቸውም ቆመው አዩን»። ፈተና ላይ አይመጣም። ግን ይምጣላችሁ።

መልካም ሳምንት። ስህተት ካገኛችሁብኝ አርሙኝ፤ የሚያርመው ተማሪ ያለው አስተማሪ የታደለ ነው።